የባለ ሥጋ ቤቱ ጡት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ጉድ የሆነ ሕልም አየሁ።

እኔ ጎሹ ይመኑ፣ ባለ ሥጋ ቤት ነኝ። ከግራ ጡቴ ሥር ሽምብራ የምታህል እባጭ ወጥታብኛለች፤ ከፋሲካ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ወንድ ልጅ ጡቴን አመመኝ ይላል እንዴ? ሰፈሩ ስም ያወጣልኛል! ባለፈው ሳምንት ሚስቴ ውድነሽ ደረቴን በቅባት ስታሸኝ አገኘቻት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ብላ መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ።

በሕልሜ ሥጋ ቤቴን ስከፍት ሐኪሞች እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈው ጠበቁኝ። ሁለቱ ተራዬን ቀማኸኝ ተባብለው ግብግብ ገጥመዋል። አባባ፣ ጡትዎን አንዴ ብቻ ልዳብሳት እያሉ ለመኑኝ። ኮራ ብዬ ነገ ተመለሱ አልኳቸው። እንዴት ደስ ይላል!

መንገድ ላይ ወንዱ ሁሉ ሸሚዙን አውልቆ ይሄዳል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ዘርጋው፣ ያ ኮስታራ ሰውዬ፣ አስቁሞኝ የእኔ የቀኙ ነበር፣ ቶሎ ታከምኩና ዳንኩ፣ ያንተስ የቱ ነው አለኝ። ጡሩምባ ነፊያችንም ለቀብር እንደሚነፋው አድርጎ እየነፋ «ጎሹ ጡቱን ሊያሳይ ነውና ውጡ፤ የቀረ ይቀጣል!» ይላል። ድንኳን ተጣለ፤ በንፍሮ ፈንታ ዳቦ ተቆረሰ። ደረቴን ገልጬ መሀላቸው ቆምኩ። አንድም ሰው አልሳቀብኝም። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ዋናው ሐኪም በሬ ነበር። ያ ቅዳሜ ያረድኩት ቀይ በሬ፣ የሐኪም ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ሥጋ የምሰቅልበት ቦታ አቆመኝና በኮቴው ቀስ አድርጎ ዳበሰኝ።

«በእኔ ሥጋ ላይ እንዲህ ያለ እጢ ስታገኝ ምን ታደርጋለህ?»

«ወዲያው ቆርጬ እጥላለሁ፤ ደንበኛ ይበላዋል እንዴ?»

«ለደንበኛ እንዲህ ካሰብክ ለውድነሽስ?»

እሺ ጌታዬ፣ እታከማለሁ አልኩት። በሕይወቴ በሬን ጌታዬ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

«ወይዘሮ ጎሹ ይመኑ!»

ብንን አልኩ። ለካ ውድነሽ ጎትታ ያመጣችኝ የጡት ሕክምና ክፍል በር ላይ ነኝ። ወንበሩ ሁሉ ሴት በሴት ነው። ጠዋት የካርድ ክፍሏ ልጅ ለጡት መሆኑን ስትሰማ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ወይዘሮ ብላ ጽፋኛለች። ውድነሽ ሻይ ልታመጣልኝ ወጥታለች፤ እሷ ስትወጣ ጠብቄ ሹልክ ብዬ ላመልጥ አስቤ ነበር፤ እንቅልፍ ቀደመኝ። ሴቶቹ ወይዘሮዋን ፍለጋ እርስ በርስ ይተያያሉ። ነርሷ ደግማ ጠራች።

የመውጫውን በር አየሁት። በሬው ትዝ አለኝ።

«አቤት» አልኩና የሸሚዜን ቁልፍ እየፈታሁ ተነሣሁ።

ከጎኔ የነበሩ አሮጊት ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞሽ እቴ» አሉኝ።