የእናቱ ኩባያ ስንት ግራም ነው?

እዚህ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ዋሄን የሚባለው ገበያ ብትሄዱ ገንዘብ የሚመነዝር ሞልቷል። እኔ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ግን ኩባያ ስለሚመነዝር ሰው ነው። ኩባያ ደግሞ ወደ ምን ይመነዘራል አትሉኝም? ወደ ግራም ነዋ!

ብርሃኑ ይባላል። ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው፤ ሥራው ልስን ነው። ሲሚንቶና አሸዋ በዓይኑ ገምቶ የሚያቦካ ሰው፣ ሽሮ ላይ ሲደርስ ያለ ሚዛን አልሠራም ይላል! ሚዛንም ገዛ። ከዚያ አገር ቤት እናቱ ጋ ደወለ። ስልኩን ስለሚያስጮኸው እኔም በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል እሰማለሁ።

«እማዬ፣ ሽሮው ስንት ይሁን?»

«በዚያች እጀታዋ በተሰበረው ኩባያ፣ ሁለት።»

«በግራም ስንት ይሆናል?»

«የምን ግራም ነው ልጄ? ኩባያዋን ረሳሃት እንዴ?»

ከዚያማ የሰፈሩ ኩባያ ሁሉ ለፈተና ቀረበ። የእኔም ሳይቀር ቀርቦ ወደቀ፤ የእናቱን የሚያህል ጠፋ። በመጨረሻ እናቱ ጨነቃቸውና ኩባያዋን ሽሮ ሞልተው፣ ሱቅ ወስደው አስመዘኑለት።

በማግስቱ ሽሮው ሲንተከተክ ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ግን እንደገና ደወለ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ድስት ሙሉ ሆነ። ለአንድ ሰው ስንት ነው?»

 «ለአንድ ሰው ብሎ ደግሞ ማን ወጥ ይሠራል?» አሉት እናቱ።

 ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ልስቅ ስል ለብቻዬ የማማስለውን ምስር አየሁት። ይጠራኝ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ድስቱን ሲከድን ሰማሁ፤ እኔም የራሴን ትንሽ ድስት ከደንኩ።