ጎረቤት ያሰረችው ባል

እናንተዬ፣ በእኛ በጉለሌ ባል አልጋ ላይ ሲያቅተው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የጎረቤት ነዋ! ወንድ ልጅ በራሱ ጥፋት አይደክምም፤ በመተት ወንድነቱን አስረውት ነው እንጂ።

ወዳጄ ሽመልስ ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ይሸጣል። ካገባ ገና ዓመቱ ነው። ከጉርምስናው ጀምሮ ስልኩ ላይ የወሲብ ፊልም ሲያይ ኖሮ፣ ዛሬ ሚስቱ ስታቅፈው ገላው እምቢ ይለዋል። ይህን ለእኔ እያለቀሰ ነገረኝ። ለእሷ ግን፣ "መተት ሳያሠሩብኝ አልቀሩም" አላት።

እሷም አመነችው። ምን ታድርግ? ባሌ ጠላኝ ከማለት መተት ይቀላል። ተጠርጣሪም አላጣችም። ለሠርጓ ዶሮ ወጥ የሠሩላትን ጎረቤቷን እትዬ ብርቄን ባየች ቁጥር "እንትፍ!" ብላ ታማትባለች። ሴትየዋ ግራ ገብቷቸው ለዕድሩ ከሰሷት፤ ሰፈሩም ለሁለት ተከፈለ።

"እውነቱን ንገራት እንጂ!" አልኩት ሽመልስን። "ስልኩን ተወው፣ ሐኪም አማክሩ፣ ቀስ በቀስ ይመለሳል።"

"ትቼው ነበር እኮ፣ አልቻልኩም። ደግሞስ ምን ብዬ ልንገራት? መተት ያሰረው ወንድ ይታዘንለታል። እኔን ግን... በቃ ተወኝ።"

ባለፈው እሑድ ቁስቋም ጠበል አብሬያቸው ወጣሁ። ሽመልስ እየተንቀጠቀጠ ይጠመቃል። ሚስቱ ዳር ቆማ፣ "እመቤቴ፣ ፍቺልኝ!" እያለች ታነባለች።

ስልኩን ይዛለታለች። ውሃ እንዳይነካው በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።