የሁለት ማሽኖች ጤና

ጤና የሚጠይቅ ሰው ይወደዳል። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጠርቶ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲሉኝ ቃሌን መዝኜ ነው የምመልሰው። ለምን? ልንገራችሁ።

ፍኖተ ሰላም ከመሥሪያ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ፎቶ ኮፒ እናነሳለን። የምትሠራው ልጄ የሺ ናት። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከነልጆቿ የምትበላው ከዚህችው ማሽን ነው። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ማሽኗን አዳምጣለሁ። ድምፅ ከቀየረች እደነግጣለሁ። የሽማግሌ ሥራ ሌላ ምን አለ?

አንድ ጊዜ ዕቃ ቢሰበርባት አዲስ አበባ ላለው አስመጪ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሑት ነው። አባቴ፣ ይህን ዓይነቱን ሠሪው ትቶታል፣ መለዋወጫም አያወጣለትም አለኝ። ታዲያ ምን ይሻላል ስለው፣ አዲስ ይግዙ አለ። አመሰገንኩት። በሬው ለሞተበት ገበሬ ትራክተር ግዛ እንደማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በጥገና ኖርን። ወረቀት የሚስበው ጎማ ሲያልቅ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠን ጠቀለልንበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? የኛዋ ከሁለቱም ትብሳለች። የአንድ ባላገር የመሬት ማስረጃ ጎርሳበት፣ ሰውዬው ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የሺ ጣቷ እየተቃጠለ አወጣችለት።

ለዚህች ማሽን በአካባቢው የቀረቻት አንዲት እህት ናት። እሷም ቡሬ፣ ከእህል ተራው አጠገብ፣ እንደኛው ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው አያ ገዳሙ ዘንድ ናት። ቀድማ የሞተችው ለቀረችው መለዋወጫ እንደምትሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ይወራል እንዴ? ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዋወላለን። ዝናቡን ይጠይቀኛል። ከብቱን ይጠይቀኛል፤ ከብት እንደሌለኝ እያወቀ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ነው፣ ያቺስ ደህና ናት የሚለኝ። እንደ ፈረስ ናት እለዋለሁ። ያቺኛዋስ? እሷማ እንደገና ወጣት ሆናለች ይላል። የማይለቀኝ ሳል ሲመጣብኝ ስልኩን ከአፌ አርቄ እስላለሁ። ሰው ሲያረጅ ምን ምኑን ይደብቃል!

ባለፈው ክረምት፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ማሞቂያ ተሰበረብን። ጽሑፉ በጣት ሲነኩት እንደ አመድ ይረግፋል። ደንበኛው ማዶ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። የሺ ልጆቹን ገጠር አክስታቸው ጋ ልስደዳቸው ይሆን ማለት ጀመረች። በዚያው ሰሞን ከቡሬ መርዶ መጣ። አያ ገዳሙ አረፈ።

አዘንኩ። ከልቤ ነው ያዘንኩት። ሚኒባስ ላይ ስሳፈር ግን ማሽን የምንፈታበት ካቻቢቴ ኪሴ ውስጥ ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ለቅሶ ቤት ስገባ ማሽኗ ጥግ ላይ በነጠላ ተሸፍናለች። አንዴ አየኋትና ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ። የአያ ገዳሙ ባለቤት ወይዘሮ ብርቄ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ እግዜር ፈቃድ ተነጋገርን። ስለ መንገዱ መዘጋትና መከፈት ተነጋገርን። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ይህ የማሽን ሥራ መቼም ብቻዎን አይቻልም፣ ከባድ ነው አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

«እችለዋለሁ፣ አያ መኮንን። እሱም ሊሞት ሲል መክሮኛል። ማሞቂያዋ ተሰበረ ብለሽ አትሽጫት፣ ትንሽ ታገሺ፤ የመኮንን ደረት ዘንድሮን አያልፍም፣ የሱ ማሽን ትደርስልሻለች ብሎኛል።»

የነሱም እንደኛው ማሞቂያዋ ተሰብሯል! በኪሴ ካቻቢቴውን ጨበጥኩት። ሳል መጣብኝ፤ እንባዬ እስኪፈስ ዋጥኩት። ለቀስተኞቹ፣ ምን ያህል ቢወደው ነው ተባባሉ።

«ያቺስ ደህና ናት?» አሉኝ ወይዘሮ ብርቄ ቀስ ብለው።

ባሏን የቀበረችን ሴት ተስፋዋንም ልቅበርባት?

«እንደ ፈረስ ናት» አልኩ።

ልጆቹ ገጠር ሄዱ። የሺ አሁን በርበሬ ትቸረችራለች፤ በማሽኗ ክዳን ላይ ነው የምትደረድረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ ይደወላል። ዝናቡ፣ ከብቱ፣ ከዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ሳሉስ እንዴት አደረገዎ? የወለድኳቸው እንኳ እንዲህ አይጠይቁኝም። መድኃኒቴን ሰዓቱን ጠብቄ እውጣለሁ፣ ብርድ ሲሆን አልወጣም። እኔ እንደ ሌላው ሽማግሌ ዝም ብዬ ልሞት አልችልማ። የሞትኩ ዕለት ሴትዮዋ ካቻቢቴ ይዘው ለቅሶ ይመጡና፣ ሽፋኑን ገልጠው የሚያገኙት በርበሬ ነው።