በዳትሰን ላይ የቶዮታ ፍሬን

በሚያዝያ መጨረሻ፣ በረዶው ከመንገድ ዳር ሊለቅ ሲል፣ ለመኪናዬ የጎን መስታወት ፍለጋ ከዱሉዝ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የአሮጌ መኪኖች ግቢ ሄጄ ነበር። በጭቃው ውስጥ ስንከራተት ከአንድ የቶዮታ ፒካፕ ሥር ሁለት እግሮች ተዘርግተው አየሁ። አንዱ ካልሲ ሰማያዊ፣ ሌላው ቡኒ ነው። እግሮቹን አወቅኋቸው።

«አርቮ፣ በሕይወት አለህ?»

«አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ» አለ ከሥር። የእሱ ሰላምታ ይህ ነው።

በየከተማው፣ ቢያንስ በየሁለት ጎዳናው፣ አንድ አርቮ አለ። ይህ ሰው ማንኛውም ዕቃ ከፋብሪካ የሚወጣው አንድ ቡሎን ጎድሎት ነው ብሎ ያምናል። ያቺን ቡሎን ፈልጎ የማግኘት አደራም ከላይ የተሰጠው ለእሱ ብቻ ነው። ለጎረቤቴ ለአርቮ ኒስካነን የዓለም ችግር ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ «ፋብሪካው ደክሞት ነው የተወው።»

ለፖስታ ሣጥኑ ከማቀዝቀዣ በር የተነቀለ ማጠፊያ ገጠመለት። በራሱ እንዲዘጋ ነው። ተዘጋም፤ የፖስተኛዋን ጣት ይዞ። ዓሣ ለሚያጨስበት በርሜል ከልብስ ማጠቢያ ሞተር ሰጠው፤ ዓሣው እየዞረ እኩል እንዲበስል። አንድ እሑድ ዓሣው ከነመንጠቆው ተስፈንጥሮ የሉተራኑ ቄስ ሳህን አጠገብ አረፈ። ቄሱ አዩትና «የሚበር ዓሣ ስባርክ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። የእኔንም የበረዶ መጥረጊያ ማሽን «አሻሽሎ» መልሶልኛል። ከዚያ ወዲህ የደጄን በረዶ በሙሉ መንገድ ተሻግሮ ካለው ቤት መግቢያ ላይ ይተፋዋል። የዚያ ቤት ሰዎች ሰላም አይሉኝም።

ሰፈሩ «ሊቀ ፍሬን» የሚል ማዕረግ የሰጠው ግን በዳትሰኗ ምክንያት ነው።

ዳትሰኗ የአሥራ ዘጠኝ ሰባ ሁለት ሥሪት፣ ብርቱካንማ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት የስፖርት መኪና ናት። አርቮና ሚስቱ ማርሊስ ቅዳሜ ቅዳሜ በእሷ ከከተማችን ሥር ያለውን ሐይቅ ተከትለው እስከ ቱ ሃርበርስ ከተማ ይሄዱ ነበር። በጭስ የበሰለ ዓሣ ገዝተው ይመለሳሉ። ከውጭ ሲታይ ሌላ ምንም የለውም። ነገር ግን ሁለቱ ቤት ውስጥ የሚነጋገሩ ሰዎች አይደሉም። «ቡና?» «እሺ» ከተባባሉ የዕለቱ ወሬ አለቀ። ማርሊስ አንድ ቀን በአጥር ላይ እንዲህ ብላኝ ነበር፦

«ልጅ አለመውለዳችንን ያወራነው እዚያች መኪና ውስጥ ነው። የእናቱን ሞትም እንዲሁ። አርቮ አፉ የሚፈታው ፊቴን ሳያይ ነው። መንገድ መንገዱን እያየ።»

የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ከኮረብታው ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ የፍሬኑ ፔዳል ወለል ድረስ ሰመጠ። ቀይ መብራት ጥሰው አለፉ። በእጅ ፍሬንና በአንድ የአበባ መደብ ርዳታ ቆሙ። የተጎዳ ሰው የለም። ጥፋቱም የመኪናዋ አልነበረም። መነካት የማያስፈልገውን ሁሉ ሲነካካ የኖረው አርቮ፣ መለወጥ የነበረበትን የፍሬን ዘይት አሥራ አንድ ዓመት ረስቶት ነበር። ማርሊስ ወረደች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች (አርቮ እስከ ዛሬ የሚያስፈራው ያ ቀስ ማለቷ ነው ይላል)፣ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ቤቷ ገባች።

«ቁም ስልህ የምትቆም መኪና ስትኖርህ ጥራኝ» አለችው። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ቅዳሜ ዝም አለ።

ያን ቀን አርቮ ከፒካፑ ሥር ጭቃ ለብሶ ሲወጣ ሁለት የዛጉ ብረቶች ይዞ ነበር። ካሊፐር ይሏቸዋል። ፍሬን ሲረገጥ ከጎማው ጋር የምትዞረዋን ሳህን እንደ ጡጫ ጨብጠው የሚያቆሟት እነሱ ናቸው።

«የዳትሰኗ ባለ ሁለት ፒስተን ነው» አለ። «ይሄ አራት አለው። ጭነት ተሸክሞ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ያቆማል። ማርሊስ ስንት ኪሎ ትሆናለች?»

«እኔ አልጠይቃትም።»

«እኔም።»

«ለዳትሰን የቶዮታ ይሆናል?»

«ፍሬን ዘር አይቆጥርም» አለኝና ነጭ የቀለም ብዕር ሰጠኝ። «እንደየጎናቸው ግራና ቀኝ ጻፍባቸው። እኔ እጄ ዘይት ነው።» ከፒካፑ አፍንጫ ፊት ለፊት እንደቆምኩ፣ በግራዬ በኩል ካለው ጎማ በተነቀለው ላይ «ግራ»፣ በሌላው ላይ «ቀኝ» ብዬ በጥንቃቄ ጻፍኩ።

ሁለት ሳምንት ሲያጸዳቸውና ላስቲካቸውን ሲለውጥ ከረመ። አዲስ የፍሬን ሸራ አስገባ። የተረፈው አየሩን ከዘይቱ መስመር ማስወጣት ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ አንድ ፔዳል ረጋጭና አንድ የአየር ማስወጫዋን ከፋች ይጠይቃል። ማርሊስ መኪናዋ ውስጥ ስለማትገባ ረጋጩ እኔ ሆንኩ።

«ርገጥ።»

«ረግጫለሁ።»

«ልቀቅ።»

«ለቅቄያለሁ።»

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ ዋልን። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር እንደ ሊጥ ነው። አርቮ ቱቦ ለወጠ፤ እንደገና ሌላ ቱቦ ለወጠ። ሁለት ጠርሙስ ዘይት ጨረሰ። በሦስተኛው ቀን ከጎማው ቦታ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ የጋራዡን ጣሪያ እያየ፣ በቀስታ፣ «ምናልባት ፋብሪካው የሚያውቀው ነገር ይኖር ይሆናል» አለ።

በሃያ ዓመት ጉርብትና ይህን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ስንት ጊዜ «ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ተሳስቻለሁ ባለ» ብዬ ተመኝቻለሁ፤ ሲለው ግን ደስ አላለኝም። ያን ጉራውን በገንዘቤ ገዝቼ በመለስኩለት ብዬ ተመኘሁ። ያቺ መኪና ካልቆመች የሚቀርበት ፍሬን ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ማርሊስ ለእኔ የዱር ሩዝ ሾርባ ይዛ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየናትም።

«ያቺ አየር የምታስወጡባት ነገር ለምን ታች ሆነች?» አለች።

«የቷ?» አለ አርቮ።

«ያቺ ትንሿ። አየር ወደ ላይ አይደል የሚወጣው? እኔ የማውቀው ድስት ነው፤ ግን እንፋሎት በድስቱ ቂጥ ሲወጣ አላየሁም።»

አርቮ መብራቱን አስጠጋ። በጨርቅ ጠረግ ሲያደርገው የእኔ ነጭ ጽሕፈት ብቅ አለ። በዚህ ሙያ ግራ ማለት መሪው ላይ የተቀመጠ ሰው ግራ ነው፤ ይህን ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን የጻፍኩት ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግራ ነው። የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ተገጥሞ፣ ማስወጫዎቹ ወደ መሬት ዞረው፣ አየሩ ከላይ ተቀምጦ ሲስቅብን ከርሟል። አርቮ ማንንም አያምንም፤ የእኔን ጽሕፈት ግን ሳይጠይቅ አምኖ ነበር። ጽሕፈቱን አየ። እኔን አየ። አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አላት። «አቀያይሬ ነው የገጠምኩት።»

«አውቄያለሁ» አለች፤ እኔን እያየች።

ፈትቶ፣ አቀያይሮ፣ መልሶ አሰረ። ወደ ወንበሬ ስመለስ ማርሊስ የሾርባውን ሳህን እጄ ላይ አኖረችው። «ሾርባህ ሳይቀዘቅዝ» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ መሪው ላይ ተቀመጠች። አርቮ ከጎማው ሥር ስለነበር አላየም።

«ርገጥ።»

«ረግጫለሁ» አለች።

ከጎማው ሥር ዘይቱ ተንጠባጠበ።

«ልቀቂ» አለ አርቮ፣ ድምፅዋን ለይቶ።

«የወንድምህ ልጅ ደውላ ነበር።»

«መቼ?»

«ጥቅምት ላይ።»

«አሁን ግንቦት ነው።»

«አዎ።»

«ምን አለች? ርገጪ።»

ሾርባዬን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ጎማዎቹ ተመልሰው ሲታሰሩ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ ነበር። በሩ ሁለት ጊዜ ሲዘጋ ሰማሁ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወጥታ ቁልቁለቱን ጀመረች። መንገዱ አጋማሽ ላይ፣ ምልክትም መብራትም በሌለበት፣ የኋላ መብራቶቿ ቀሉና እንደ ተቸነከረች ቆመች። ቆማም ቀረች። ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩምባ ሳይነፋ ጥቂት ታገሰና ዞሮ አለፈ። በኋላው መስታወት ሁለት ራሶች ይታዩኛል፤ ሁለቱም ወደ ሐይቁ እያዩ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሲነቀነቅ፣ ደግሞ ሌላው ሲናገር።

ሲመለሱ ማርሊስ ወደ ቤት ገባች። ሊቀ ፍሬን እስከ አጥሩ ሸኘኝ። ነገ የኋላውን ፍሬን አየር ለማስወጣት በስንት ሰዓት ልምጣ አልኩት።

«እንዳትመጣ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የኋላውን እኔና እሷ እናየዋለን። ያንተ እግር ከባድ ነው።»