ጀርባውን ለመስታወት የሰጠ ወንበር

መንግሥት የሌለው አገር ይኖር ይሆናል፤ አምባገነን ፀጉር ሠሪ የሌለበት ሰፈር ግን የለም። ምርጫ የማታውቅ፣ ይግባኝ የማትሰማ፣ በትረ ሥልጣኗ ማበጠሪያ የሆነ ሴትዮ በየመንደሩ አትጠፋም። የዚህኛው ሰፈር ገዢ «ክብርት ሚኒስትር» ይባላሉ። በሌሉበት ነው ታዲያ፤ ፊት ለፊትማ «እትዬ» ናቸው።

የክብርት ሚኒስትር ሕገ መንግሥት ያለው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ ሃምሳን የተሻገረች ሴት መስታወት አታይም። ወጣቶቹ እንደ ሰው ከመስታወቱ ፊት ይቀመጣሉ። ዕድሜዋ የገፋ ስትመጣ ግን ወንበሩ ይዞርና ከዛገው የውሃ ቧንቧ ጋር ፊት ለፊት ትፋጠጣለች። ሥራው አልቆ ሻሽ እስኪታሰር ድረስ መዞር ክልክል ነው። ሰፈርተኛው ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የእጃቸውን ጉድ እንዳናይባቸው ነው ይላል።

ለምላሳቸውማ ልጓም አልተሠራለትም። አንዷን ጡረተኛ መምህርት፣ ያንቺስ ፀጉሩ ሄዶ ወሬው ነው የቀረው ብለዋታል። ሌላዋ የሽንኩርት ጭማቂ ተቀብታ ብትመጣ፣ ፀጉር ልታበቅዪ ነው ወይስ ጭንቅላትሽን ልትጠብሺ ተባለችና ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ወደቀ እንዴ እትዬ?» ብላ ለጠየቀች ሁሉ ደግሞ መልሱ ያው ነው።

«ከወደቀ እኔ አላየሁም። ዞር አትበይ።»

የመድኃኒት ቤቷ ሻጭ ይህን ሁሉ ለዓመታት ችላ ኖራለች። ፀጉር ያሳድጋል የተባለ ዘይት የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከመደርደሪያው ላይ ራሷ ያልተቀባችው የለም። መሐል አናቷ ግን እንደ ተረገጠ ሣር መሳሳቱን ቀጠለ። ሐኪሙም መርምሮ፣ ዕድሜ ነው፣ ያለውን ማቆየት ይቻል ይሆናል፣ የሄደው ግን አይመለስም ብሎ ሸኛት። በቀደም አንዲት ገዢ የዘይቱን ጠርሙስ አነሳች፣ የሻጯን አናት አየች፣ ጠርሙሱን በቀስታ መለሰችው። አለቃዋ ይህን አየ። ከሰኞ ጀምሮ ከኋላ መጋዘን ገብታ ካርቶን ብትደረድር እንደሚሻል፣ ይህንንም ያለው ለእሷው ድካም አስቦ እንደሆነ፣ በታላቅ ትሕትና ነገራት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ውስጥ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ሰው የሚያያት ያ ባንኮኒ ላይ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እንደምንም ሞላ አድርገው ይሥሩኝ ልትል ሄደች። ፀጉር ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ በሩ ግን ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጋ ገባች።

ክብርት ሚኒስትር ብቻቸውን ነበሩ። ሻሻቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ወንበሩ ዞሯል። ፊታቸውን ለዛገው ቧንቧ፣ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው በዳበሳ ያበጥራሉ። አናታቸው ላይ የቀረው የሻጯን ፀጉር ጫካ የሚያስብል ነው። ከወንበሩ ሥር ነጫጭ ክሮች ወድቀዋል፤ አጠገባቸው መጥረጊያው ቆሟል። ሻጯ ያን መጥረጊያ ታውቀዋለች። በተሠራች ቁጥር፣ ገና ሳትዞር፣ ከኋላዋ ኮሽ ኮሽ ይል ነበር። የጽዳት አባዜ ይመስላት ነበር። አሁን ገባት፤ የወደቀውን እንዳታይ ነበር።

«ማነው?» አሉ ክብርት ሚኒስትር።

«እኔ ነኝ እትዬ። መጋዘን ሊያስገቡኝ ነው» አለች።

ክብርት ሚኒስትር አልዞሩም። ሻሻቸውንም አላነሱም። «እኔ መጋዘን ከገባሁ ቆየሁ» አሉ ለቧንቧው። «ፀጉር እሠራለሁ እንጂ አልፈጥርም። ሰኞ ይህንኑ አናትሽን ይዘሽ ባንኮኒሽ ላይ ቁሚ። የሚያነሳሽም ከሆነ ዓይንሽን እያየ ያንሳሽ።»

ሻጯ ማበጠሪያውን ከእጃቸው ወሰደች። ገና አንድ ጊዜ ሳብ ብታደርገው የማበጠሪያው ጥርስ ነጭ ለብሶ ወጣ። ያንን አራግፋ በጫማዋ ጫፍ ከወንበሩ ሥር ገፋችው።

«ብዙ ወደቀ?» አሉ ክብርት ሚኒስትር። ድምፃቸው የሚኒስትር አልነበረም።

«ከወደቀ እኔ አላየሁም» አለች ሻጯ፤ ከዚያ፣ ከተዋወቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ትታ፣ «ዞር አትበይ።»