ግጥም ሰጥቶ ቴአትር አውጡ የሚል መምህር

እናንተ ዘንድም እንዲህ ያለ መምህር አለ? የእኛ የቆቦው ሁለት ስንኝ ሰሌዳ ላይ ይጽፍና "ከዚህ ቴአትር አውጡ" ብሎ ተማሪዎቹን ይለቃቸዋል። ዘንድሮ የጻፈው ይህን ነበር፦

ማሽላው አሸተ፣ ማማው ባዶ ቀርቷል፤
ወፍ ጠባቂው ልጄ ወዴት ተሰውሯል።

ልጆቹ ተማክረው ለቅሶ አወጡበት። ወንዶቹ ሟች መሆን እምቢ ስላሉ የእኔን ልጅ ሙሉን መረጧት። ጤነኛ ልጅ እንደ ሬሳ ስትጋደም ሟርት አይሆንም? መምህሩን ብጠይቀው "እታለም፣ ሙሾው ሲያልቅ ትነሳለች" አለኝ።

በትምህርት መዝጊያው ዕለት ልጄ ነጠላ ለብሳ ተጋደመች። አንዲት ተማሪ ግጥሙን በሙሾ ዜማ አወረደችው። በእኛ አገር ሙሾ ሰምታ ዝም የምትል ሴት የት አለች? ከፊት የተቀመጡት እናቶች ተነሥተው ተቀበሏት። አንዷ ባሏን፣ ሌላዋ እናቷን እያነሣች ደረቷን ትደቃ ጀመር። ተማሪዎቹ ግራ ገብቷቸው ከመድረኩ ወረዱ። ሙሾው ስላላለቀ ሙሉ አልተነሳችም።

ነጠላው ሲንቀሳቀስ አልታይ አለኝ። ወጥቼ ገለጥኳት።

"እማ፣ አለቀ እንዴ?" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

መምህሩ ደርሶ "እታለም፣ ቴአትሩ እኮ አላለቀም" አለኝ።

"እናንተ ቀጥሉ፤ የእኔ ልጅ መሞቱን ጨርሳለች" አልኩትና እጇን ይዤ ወረድኩ።