ሊቀ አቶም ወልደጻድቅ

ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ስለ ጥርስ ሕመም፣ ስለ በሬ ገበያ፣ ስለ ጨረቃ ጉዞ አንድ ቃል ጣል ካደረጋችሁ ከአጥሩ ወዲያ “እሱማ ግልጽ ነው!” የሚል ድምፅ ይመጣል። አሰላ ውስጥ ይህ ድምፅ የተሰጠው ለመዘጋጃ ቤቱ ጡረተኛ ለአቶ ወልደጻድቅ ነበር። አጥሩን የምትጋራቸው ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሶና ቆሎ እየሸጠች አንድ ልጇን ያሳደገችው ተሻለች ናት።

የአቶ ወልደጻድቅ ልዩ ሙያ አቶም ነው። አንዳንዱ ከራዲዮ የቀሰሙት ነው ይላል። ተሻለች ግን አቶምን የመረጡት አሰላ ውስጥ አይቶት የሚያርማቸው ሰው ስለሌለ ነው ብላ ታምናለች። ሰፈርተኛው ለእውቀታቸው የሚመጥን ማዕረግ ሲፈልግ “አቶ”ም “ጓድ”ም አነሰበትና “ሊቀ አቶም” አላቸው። እሳቸውም አልጠሉትም።

ከከተማው ሰው ሁሉ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው ሰው ክብሪት ሲፈልግ እሳቸው አጥሩን ይደገፋሉ።

“አየሽ ተሹ፣ አቶም ቢኖረን ይኼ ይሆን ነበር? ጥፍር የምታህል አቶም አሰላን፣ ሳጉሬን፣ ሁሩታን እስከ ልጅ ልጅ ታበራለች!”

“ዴራስ ጋሼ?”

“ቆላዋ ዴራ ምን ቸገራት፣ ፀሐይዋ ትበቃታለች።”

“እንግዲያው ፀሐይም ታበራለች ማለት ነዋ!”

“ሲመሽስ?”

“ሲመሽ ነፋስ አለ። ይኸ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው፣ ቆርቆሮዬን እየነቀለ ያስቸገረኝ፣ አንድ አምፖል ያቅተዋል?”

“ነፋስ አመለኛ ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አቶም ግን እንደ መንግሥት ሠራተኛ ቦታዋን አትለቅም። ዘነበ፣ አባራ አትል።”

“አይ እርስዎ! መዘጋጃ ቤት ሳሉ መቼ ቦታዎ ላይ አግኝቼዎት አውቃለሁ?”

አንድ እሁድ ክርክሩ ቀበሌ ስብሰባ ድረስ ሄደ። ሊቀ አቶም የወዳጅ አገሮችን የአቶም ጣቢያዎች እያወደሱ ሳለ ተሻለች እጇን አወጣች። “ራዲዮው ራሱ ኃይል ማመንጨት ነው የሚለው። ማመንጨት ደግሞ ከምንጭ ነው። ውሃ ይመነጫል። እሳቸው የሚሉት አቶም ከድንጋይ የሚወጣ ነው። ለመሆኑ ድንጋይ ሲመነጭ ያየ አለ?” አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሰብሳቢው ጓድ ሀይሉ እንኳ አፉን በወረቀት ሸፈነ። ሊቀ አቶም “ቃሉን ያወጡት አቶም ያልገባቸው ሰዎች ናቸው!” ቢሉ ማን ይስማቸው። በማግስቱ ግን አጥሩ ላይ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “እኔ እምለው ተሹ፣ ነፋስስ ይመነጫል እንዴ?” አሏት። ሁለቱም ቀና ብለው ወደ ጭላሎ ተመለከቱ።

በኋላ ልጇ በዛብህ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ወዳጅ አገር፣ ወደ ኪዬቭ ከተማ ሄደ። የሚያጽናናት ቢጠፋ ሊቀ አቶም አልጠፉም። “አቶም አጠገብ ነው የሄደልሽ! በረዶ እንኳ ቢወርድ ቤቱ እንደ ዴራ ይሞቃል።” አላመነቻቸውም። ቢሆንም ብርድ በመጣ ቁጥር ቃላቸውን እያስታወሰች ትተኛ ነበር።

ሚያዝያ ሰባ ስምንት ላይ የውጭ ራዲዮ ጣቢያ የሚሰሙ ሰዎች መንሾካሾክ ጀመሩ። ኪዬቭ አጠገብ የአቶም ጣቢያ ተቃጥሏል፤ መርዙ አይታይም፤ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ተሻለች ይህን እንደሰማች ወደ አጥሩ ሮጠች። አቶ ወልደጻድቅ አዩዋትና ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። በማግስቱም እንዲሁ።

እሁድ በስብሰባው ስለ እርከን ሥራ ተወራ። ጓድ ሀይሉ “ጥያቄ ያለው?” ሲል አቶ ወልደጻድቅ ተነሡ። ሰው ሁሉ ረጅም ንግግር መጣ ብሎ ወንበሩን አመቻቸ።

“ጓድ ሰብሳቢ፣ አንድ የማላውቀው ነገር አለ።”

ከኋላ አንዱ “ተአምር ነው!” አለ፤ ሰው ሳቀ።

“ኪዬቭ አጠገብ ያለው የአቶም ጣቢያ ተቃጠለ ይባላል። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ደህና መሆናቸውን ለበላይ ደውለው ይጠይቁልን።”

ሳቁ ቆመ። ወዳጅ አገር አደጋ ደረሰበት ብሎ በአደባባይ መናገር ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም።

“ጓድ ወልደጻድቅ፣ ይኼን ከየት ሰሙ?”

ሳይጠየቁ ሲመልሱ የኖሩት ሰው ያን ዕለት ተጠይቀው ዝም አሉ። ሁለት ጥበቃዎች ይዘዋቸው ወጡ።

ተሻለች በማግስቱ ጠዋት ገንፎ ይዛ ቀበሌው እስር ቤት ሄደች። ዘበኛው በመስኮቱ እንድታነጋግራቸው ፈቀደላት። ኮታቸው ተጨማድዷል፣ ፂማቸው አልተላጨም።

“ምነው ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ?”

“አንቺ ብትጠይቂ አንቺን ነበር የሚያስገቡሽ።”

“ደወሉ ወይ?”

“እንደውላለን ብለዋል።”

የመስኮቱን ብረት ያዘች። “ነፋሱ ወደ ኪዬቭ ነው የነፈሰው?”

አቶ ወልደጻድቅ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። “አላውቅም፣ ተሹ።”

ስንት ዓመት ይህን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ተመኝታለች። አሁን ስትሰማው ግን መልሰው እንዲውጡት ፈለገች። ስለ ሁሉም ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ሰፈሯ ውስጥ መኖሩ ለካስ ቤቷን ደግፎ ይዞት ኖሯል።

“እንዲህ አይበሉኝ። ግምትም ቢሆን ይንገሩኝ።”

ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እዚያ አገር በሚያዝያ ነፋስ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከተማን ለምን እንደሚፈራ፣ ተማሪዎች የሚኖሩበት ሕንፃ ግድግዳ ስንት ክንድ እንደሚወፍር መናገር ጀመሩ።

አንዱም እውነት አይመስልም። ተሻለች ጆሮዋን ብረቱ ላይ አስጠግታ፣ አንዴም ሳታቋርጣቸው፣ እስከ መጨረሻው ሰማች።